እንጦጦ ላይ ትንፋሻችን ሲያጥር ውስጣችን የሚበራው ማብሪያ

ባለፈው ሰሞን አንድ ልጅ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። የኮተቤ ልጅ ነው፣ ይሮጣል፣ ገና 19 ዓመቱ ነው። ጥያቄው አጭር ነበር፦ «ብሮ፣ ኢፒኦ የሚባለው መርፌ ደም የሚጨምር ቫይታሚን ነው ይሉኛል። እውነት ነው?»

መልሱ በአንድ ቃል «አይደለም» ነው። ግን «አይደለም» ብቻ ብዬ ብልክለት የሚጠቅመው አልመሰለኝም። ቫይታሚን ነው ያሉት ሰዎች በደንብ አድርገው አስረድተውታል፤ እኔ ደግሞ በአንድ ቃል ላሸንፋቸው አልችልም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ላንብበው ብዬ ጀመርኩ። ሳይንቲስት አይደለሁም፣ ዩኒቨርሲቲም አልገባሁም፤ ያገኘሁት ነገር ግን ስላስደነቀኝ ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለሁላችሁም ልጽፈው ወሰንኩ።

ታሪኩ እዚሁ እንጦጦ ላይ ይጀምራል፣ ከዚያ ካንሰርን እንዲዋጉ ተብለው ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠሩ ሴሎች ድረስ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ወደ መርፌው ይመለሳል። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አየሩ ላይ የጎደለው ምንድን ነው?

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነስታችሁ ሽቅብ ያዙ። ሯጮቹ ቱታቸውን ለብሰው በባሕር ዛፉ መካከል ይወጣሉ። እንጨት የተሸከሙ እናቶች ደግሞ ወገባቸውን አጉብጠው ቁልቁል ይወርዳሉ። እንደ እኔ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ የምትውሉ ከሆናችሁ፣ 10 ደቂቃ ሳይሞላ ትንፋሻችሁ ቁርጥ ቁርጥ ማለት ይጀምራል።

ብዙ ሰው «እንጦጦ ላይ ኦክስጅን የለም» ይላል። እውነቱን ለመናገር፣ አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ጅቡቲም ሆናችሁ እንጦጦ ያው 21 በመቶ ገደማ ነው። የሚለያየው የአየሩ ግፊት ነው። ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ከላያችን ያለው አየር ብዙ ስለሆነ ታችኛውን አየር ይጫነዋል፣ ያጠጋጋዋል። ከፍ ስንል አየሩ ይሳሳል። 3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። አዲስ አበባ በአማካይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ወደ 3,200 ይጠጋል። ስለዚህ እዚያ ላይ አንድ ጊዜ ስንተነፍስ የምናስገባው ኦክስጅን ጅቡቲ ከምናስገባው በሲሶ ገደማ ያንሳል ማለት ነው።

ሳንባችን ይህን ለማካካስ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ልባችንም ቶሎ ቶሎ ይመታል። ይሄንን ሁላችንም እናውቀዋለን። የማናውቀው ከዚያ በታች፣ ሴሎቻችን ውስጥ የሚሆነውን ነው።

ለመፍረስ የተቀባ ቤት

ሴሎቻችን ውስጥ ሂፍ የሚባል ፕሮቲን አለ። ሥራው «ኦክስጅን እያነሰ ነው፣ ተዘጋጁ!» ብሎ ማስጠንቀቅ ነው። የሚገርመው አሠራሩ ነው። ሴሉ ሂፍን ሁልጊዜ ይሠራዋል፣ ሁልጊዜም ያፈርሰዋል። ካፌ ቁጭ ብላችሁ ማኪያቶ ስትጠጡ እንኳ ሂፍ እየተሠራ በደቂቃዎች ውስጥ እየፈረሰ ነው።

እንዴት ነው የሚፈርሰው? አዲስ አበባ ውስጥ ኮሪደር ልማት ሲመጣ ያያችሁትን አስታውሱ። የሚፈርሰው ቤት ላይ መጀመሪያ በቀለም ምልክት ይደረጋል። ከዚያ ማሽኑ ሲመጣ ማንንም አይጠይቅም፣ ምልክቱን አይቶ ያፈርሳል። ሴል ውስጥም ነገሩ እንደዚያው ነው። ፒኤችዲ የሚባል ኢንዛይም አለ (ዲግሪው አይደለም፣ እሱማ እኔ ጋ የለም)። ይህ ኢንዛይም ሂፍ ላይ ምልክት ያደርጋል። ቪኤችኤል የሚባል ሌላ ፕሮቲን ደግሞ ምልክቱን አይቶ ሂፍን ይይዝና ወደ ሴሉ ማፍረሻ ያስልከዋል።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ፒኤችዲ ምልክት የሚያደርግበት ቀለም ራሱ ኦክስጅን ነው። ኦክስጅን ካለ ምልክት አለ፣ ምልክት ካለ መፍረስ አለ። ኦክስጅን ሲያንስ ቀለሙ ያጥራል፣ ሂፍ ሳይፈርስ ይቀራል፣ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ከዚያ ዲኤንኤው ወዳለበት የሴሉ ክፍል ገብቶ ተኝተው የነበሩ ብዙ ጂኖችን ያበራል።

«ታዲያ ሁልጊዜ ሠርቶ ማፍረስ ብክነት አይደለም?» ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። ጥቅሙ ፍጥነት ነው። ሞተሩን ሳያጠፋ እግሩን ፍሬን ላይ አድርጎ የሚጠብቅ የታክሲ ሹፌር አስቡ። ለመሄድ ፍሬኑን መልቀቅ ብቻ ይበቃዋል። ሴሉም አየር ሲያጥረው ፕሮቲኑን ከዜሮ መሥራት አይጠበቅበትም፣ ማፍረሱን ማቆም ብቻ ነው።

ይህን ዘዴ የደረሱበት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ አሜሪካዊያኑ ግሬግ ሴመንዛና ዊልያም ኬሊን፣ እንዲሁም እንግሊዛዊው ፒተር ራትክሊፍ። በ2019 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ለሦስት ተካፍለዋል። ሴመንዛና ራትክሊፍ የተነሱት ከአንድ ተራ ከሚመስል ጥያቄ ነው፦ ሰው ኦክስጅን ሲያጥረው ኢፒኦ የሚጨምረው እንዴት ነው? ኬሊን ደግሞ በዘር የሚተላለፍ አንድ የካንሰር ዓይነት ሲያጠና ቪኤችኤል ላይ ደረሰ። ሁለት የማይገናኙ የሚመስሉ መንገዶች አንድ ማብሪያ ላይ ተገናኙ።

መልእክቱ ከኩላሊት ወደ መቅኔ

አሁን ልጁ ወደጠየቀኝ ነገር ደረስን። የኩላሊት ሴሎች ሂፍ ሲበራባቸው ኢሪትሮፖይቲን የሚባል ሆርሞን ያመርታሉ። አጭር ስሙ ኢፒኦ ነው። እንግዲህ ኢፒኦ ከምግብ የሚገኝ ቫይታሚን አይደለም፤ ከኩላሊት የሚላክ ትእዛዝ ነው።

ትእዛዙ በደም ተጉዞ የአጥንት መቅኔ ይደርሳል። እዚያ ያሉ ሴሎች ላያቸው ላይ እንደ በር ደወል የተተከሉ ተቀባይ ፕሮቲኖች አሏቸው። ኢፒኦ ሲመጣ ሁለት ተቀባዮችን አንድ ላይ ያያይዛል። ያኔ በውስጥ በኩል ከተቀባዮቹ ጋር የተጣበቁት ጃክ2 የሚባሉ ፕሮቲኖች ይቀራረቡና አንዱ ሌላው ላይ ፎስፌት ይለጥፋል።

ፎስፌት በጣም ትንሽ ነገር ናት። ግን ፕሮቲን ላይ ስትለጠፍ የፕሮቲኑ ቅርጽ ይቀየራል፣ ቅርጹ ሲቀየር ደግሞ ሥራው ይቀየራል። ሳይንቲስቶች «የፕሮቲን ማብሪያ» የሚሉት ይህን የመሰለውን ነው። ሽቦ የለውም፣ ኤሌክትሪክ የለውም፤ አንድ ነገር ስትለጠፍበት ይበራል፣ ስትነሳለት ይጠፋል።

ጃክ2 ከበራ በኋላ ስታት5 የሚባለውን ያበራል። ስታት5 ደግሞ ወደ ዲኤንኤው ገብቶ «ቀይ የደም ሴል አምርቱ» የሚሉትን ጂኖች ያበራል። አንዱ ሌላውን እያበራ የሚሄደው ይህ ሰንሰለት ሰርኪዩት ይባላል። ልክ ቤታችን ውስጥ ከቆጣሪው እስከ አምፖሉ ያለው መስመር ማለት ነው።

ከፍታ ላይ ስንወጣ ኢፒኦ በሰዓታት ውስጥ ይጨምራል። ቀይ የደም ሴሎቹ በብዛት እስኪመረቱ ግን ሳምንታት ይወስዳል። አንድ ቀይ የደም ሴል ከተወለደ በኋላ 120 ቀን ገደማ ይኖራል። አንድ ቅዳሜ እንጦጦ ወጥቶ መውረድ ደም የማይጨምረውና የውጭ አገር ሯጮች ከፍ ያለ ቦታ ላይ ለሳምንታት ካምፕ የሚገቡት ለዚህ ነው።

የሮቶው ኳስ

እስካሁን ስለ ማብራት ነው ያወራነው። ከማብራቱ በላይ የደነቀኝ ግን ማጥፋቱ ነው።

ጣሪያ ላይ ያለውን ሮቶ አስቡ። ውስጡ ውሃ ላይ የምትንሳፈፍ ኳስ አለች። ውሃው ሲጎድል ኳሷ ትወርዳለች፣ ቧንቧው ይከፈታል። ሲሞላ ኳሷ ትነሳለች፣ ቧንቧው ይዘጋል። ማንም ቁጭ ብሎ አይጠብቃትም።

ኩላሊታችን እንደዚያች ኳስ ነው። ኦክስጅን ሲያንስ ሂፍ ይከማቻል፣ ኢፒኦ ይወጣል፣ ቀይ ደም ይጨምራል። ቀይ ደም ሲጨምር ብዙ ኦክስጅን ኩላሊት ይደርሳል። ያኔ ፒኤችዲ ቀለሙን መልሶ ያገኛል፣ ሂፍ ላይ ምልክት ያደርጋል፣ ሂፍ ይፈርሳል፣ ኢፒኦ ይቀንሳል። ውጤቱ ራሱ ተመልሶ ትእዛዙን ያጠፋል።

መቅኔውም በራሱ በኩል ማጥፊያ አለው። የተለጠፈችውን ፎስፌት የሚያነሱ ፕሮቲኖች መጥተው የኢፒኦ ተቀባዩ ጭራ ላይ ያርፉና ሰንሰለቱን ያቆሙታል። ይህ ማጥፊያ የጎደለው ሰው ታውቋል። ኤሮ ማንቲራንታ የሚባል ፊንላንዳዊ የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪ በ1960ዎቹ 7 የኦሎምፒክ ሜዳሊያ አግኝቷል። ቤተሰቡ ላይ በተሠራ ጥናት በ1993 የተገኘው ነገር፣ በዘር የወረሱት የኢፒኦ ተቀባይ ጭራው የተቆረጠ መሆኑ ነው። ማጥፊያው የሚያርፍበት ቦታ ስለሌለ ትንሽ ኢፒኦ ብዙ ቀይ ደም ያመርትላቸው ነበር። አንዲት የጂን ለውጥ ናት፣ የለወጠችው ግን የማብሪያውን ማጥፊያ ነው።

ሰሜን ተራሮች ላይ የተገኘው ያልተጠበቀ ውጤት

«እንግዲያው ደም መጨመር ጥሩ ነገር ነው፣ ደጋ የሚኖር ሰው ደግሞ ብዙ ደም አለው» ብሎ መደምደም ቀላል ነው። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

በ2002 ሲንቲያ ቢል የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ አንድ ጥናት አወጡ። ሰሜን ተራሮች ውስጥ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን ለክተው ነበር። ያ ከእንጦጦ ጫፍ ከ300 ሜትር በላይ ይበልጣል። ደማቸው ውስጥ ብዙ ሄሞግሎቢን ይገኛል ተብሎ ሊጠበቅ ይችላል። የተገኘው ግን ወንዶቹ በአማካይ 15.9፣ ሴቶቹ 15.0 ግራም በዴሲሊትር ነው። ይህ ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚኖር ጤነኛ ሰው ጋር ተቀራራቢ ነው! ሄሞግሎቢናቸው የተሸከመው ኦክስጅንም 95.3 በመቶ ነበር፤ እሱም ዝቅ ብሎ ከሚኖር ሰው ብዙ አይርቅም።

ደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች ላይ ያሉ ሰዎች ሌላ መንገድ ነው የያዙት። ደማቸው ውስጥ ሄሞግሎቢን በጣም ከፍ ይላል። ያ ደግሞ ዋጋ አለው። አንዳንዶቹ ላይ ቀይ ደሙ ከልክ አልፎ ይወፍርና ራስ ምታት፣ ማዞር፣ የልብ ችግር ያመጣል። በሽታውን በ1925 የገለጸው ፔሩያዊው ሐኪም ካርሎስ ሞንጌ ስለሆነ በስሙ «የሞንጌ በሽታ» ይባላል። ቲቤት ላይ ደግሞ ሰዎች በደማቸው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ዝቅ ቢልም ሄሞግሎቢናቸው ብዙ አይጨምርም። ለዚህ አስተዋጽኦ ካላቸው ጂኖች አንዱ የሂፍ ወንድም የሆነው ሂፍ-2 ጂን ነው። በእኛም አገር በ2013 የወጣ የጂን ጥናት ከሂፍ ጋር የሚሠራ አንድ ጂን በደገኞች ላይ ልዩ ምልክት እንዳለው አሳይቷል።

ሁሉም ደገኛ ኢትዮጵያዊ አንድ ነው ማለት ግን አይደለም። በ2012 የወጣ ሌላ ጥናት ባሌ ተራሮች ላይ የሚኖሩ ሰዎች ሄሞግሎቢን ከሰሜኖቹ ከፍ ብሎ እንዳገኘው ይናገራል። ወደዚያ ከፍታ ወጥተው መኖር ከጀመሩ 500 ዓመት ገደማ ነው፣ ሰሜን ላይ ያሉት ግን ሺህ ዓመታትን አስቆጥረዋል።

ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር አለ። ለብዙ ሺህ ዓመታት ከፍታ ላይ የኖሩ ሰዎች አካል መፍትሔ ያደረገው ደምን ማወፈር አይደለም። ማብሪያው ልክ ባለ መጠን እንዲበራ ማድረግ ነው።

ማብሪያውን ፈትቶ ሌላ ቦታ መግጠም

አሁን ከተራራው ወርደን ላብራቶሪ እንግባ። ሳይንቲስቶች የሴል ማብሪያ እንዴት እንደሚሠራ ሲገባቸው የሚቀጥለውን ጥያቄ ጠየቁ፦ «ፈትተን ሌላ ቦታ ብንገጥመውስ?»

በ2000 መጀመሪያ ላይ ሁለት የአሜሪካ ቡድኖች በየፊናቸው ባክቴሪያ ውስጥ ሰርኪዩት ሠሩ። አንዱ እንደ መብራት ማብሪያ «በርቶ የሚቆይ፣ ጠፍቶ የሚቆይ» ነበር። ሌላው እንደ መኪና ፍሬቻ ብልጭ ድርግም የሚል። ከዚያ ወዲህ ሥራው ከባክቴሪያ ወደ ሰው ሴል ተሻገረ።

ከሁሉም በላይ የታወቀው ካር-ቲ የሚባለው የካንሰር ሕክምና ነው። ቲ ሴል ማለት በሽታን የሚዋጋ ነጭ የደም ሴል ነው። ሐኪሞቹ ከበሽተኛው ደም ቲ ሴሎችን ያወጣሉ፣ አዲስ ተቀባይ ፕሮቲን የሚሠራ ጂን ይጨምሩባቸዋል፣ ከዚያ መልሰው ይሰጡታል። ተቀባዩ ከሁለት የተገጣጠመ ነው። በውጭ በኩል ካንሰሩን የሚለይ እጅ፣ በውስጥ በኩል «አጥቃ!» የሚል ማብሪያ። ልክ ከአንድ መኪና መሪ፣ ከሌላው ሞተር አውጥቶ እንደሚገጥም ጎበዝ መካኒክ። አሜሪካ በ2017 የመጀመሪያውን የዚህ ዓይነት ሕክምና ለደም ካንሰር ፈቀደች። ሲጀመር ዋጋው ለአንድ በሽተኛ 475 ሺህ ዶላር ነበር። ምን ያህል ብር እንደሚሆን እናንተው ምቱት።

ደም ካንሰር ላይ የሠራው ግን ሳንባና ጡት ላይ እንደሚወጡት ባሉ እብጠት ካንሰሮች ላይ አስቸገረ። ምክንያቱም ካንሰሩ ላይ ያለው ምልክት ጤነኛ አካል ላይም ይገኛል። የተቆጣ ቲ ሴል ጤነኛውን ሳንባ ወይም ጉበት ማጥቃት ከጀመረ መድኃኒቱ ራሱ ይገድላል። ስለዚህ ቲ ሴሉ የት እንዳለ የሚያውቅበት መንገድ አስፈለገ።

እዚህ ጋ ነው የእንጦጦው ማብሪያ የተመለሰው። እብጠት ካንሰር ከደም ስሮቹ ፈጥኖ ስለሚያድግ መሀሉ ኦክስጅን ያጥረዋል። ተራራ ጫፍ ላይ እንዳለ ሴል ማለት ነው። ታዲያ ተመራማሪዎች ከሂፍ ላይ ፒኤችዲ ምልክት የሚያደርግበትን ቁራጭ ወስደው ካር-ቲው ተቀባይ ላይ ቀጠሉት። በ2017 አንድ ቡድን ይህን አሳየ፣ በ2021 ደግሞ የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ሁለት ቁልፍ አድርገው አጠበቁት። አንደኛ፣ ተቀባዩ እንዲመረት ራሱ ሂፍ መብራት አለበት። ሁለተኛ፣ ቢመረት እንኳ ኦክስጅን ካለ ምልክት ተደርጎበት ይፈርሳል።

ውጤቱ ምንድን ነው? ሴሉ ጤነኛ ሳንባ ውስጥ ሲያልፍ ኦክስጅን ስላለ መሣሪያው ይፈርሳል፣ ባዶ እጁን ያልፋል። ካንሰሩ ውስጥ ሲገባ ኦክስጅን ስለሌለ መሣሪያው ይቆያል፣ ያጠቃል። አይጦች ላይ ሲሞከር ጤነኛውን አካል ሳይጎዳ ካንሰሩን ተቆጣጥሮታል። አይጥ ሰው አይደለም፣ መንገዱ ገና ረጅም ነው። ግን አስቡት፦ አንድ ወጣት ሽቅብ ሲሮጥና አንዲት እናት እንጨት ተሸክማ ስትወርድ ውስጣቸው የሚሠራው ያው ማብሪያ ነው ካንሰር ላይ እንዲዘምት የተገጠመው።

መሐንዲሶቹ ማጥፊያም ይሠራሉ። በ2011 የወጣ ጥናት ላይ ቲ ሴሎቹ ውስጥ «ራስህን አጥፋ» የሚል ፕሮቲን ተገጥሞ ነበር። ሴሎቹ በሽተኞቹን መጉዳት ሲጀምሩ ሐኪሞቹ አንድ መድኃኒት ሰጡ፣ በ30 ደቂቃ ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሴሎች ጠፉ። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ሂዩስተን የሚገኘው የራይስ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከላይ ያየናትን ፎስፌት የመለጠፍ ሥራ ራሷን እንደ ሽቦ ተጠቅሞ በሰው ሴል ውስጥ አዲስ ሰርኪዩት ዘርግቷል። ጂን እስኪበራ ሰዓታት ከመጠበቅ ይልቅ በሰከንዶችና በደቂቃዎች ምላሽ የሚጀምር ነው።

እነዚህን ሥራዎች ሳነብ ያስተዋልኩት ነገር አለ። በዓለም ላይ አሉ የተባሉት መሐንዲሶች ጊዜያቸውን የሚያጠፉት ማብሪያውን በማብራት ላይ ብቻ አይደለም። የሚጨነቁት መቼ እንደሚጠፋ ነው።

እና መርፌውስ?

መርፌው ማጥፊያ የለውም። ልዩነቱ ይሄ ነው።

መጀመሪያ ግን ኢፒኦን ራሱን አንስደበው። ላብራቶሪ ውስጥ የተሠራው ኢፒኦ በ1989 አሜሪካ ውስጥ ለሕክምና ሲፈቀድ የብዙ የኩላሊት በሽተኞችን ሕይወት ቀይሯል። ኩላሊት ሲደክም ትእዛዙን መላክ ያቆማል፣ ሰውዬው ደም ያንሰዋል። እዚሁ የካ ውስጥ ምኒልክ ሆስፒታል ለኩላሊት እጥበት የሚመላለሱ ሰዎች ምን ያህል እንደሚደክማቸው ቤተሰቦቻቸው ያውቃሉ። ለእንደዚህ ዓይነት በሽተኛ ኢፒኦ የጠፋውን መልእክት ይተካል፣ ያውም በሐኪም ትእዛዝ፣ ደሙ እየተለካ።

ጤነኛ ሯጭ ሲወጋው ግን ሌላ ነገር ነው። ሮቶው ሞልቷል፣ ኳሷ ተነስታለች፣ ኩላሊቱ «ይበቃል» ብሎ ዘግቷል። መርፌው ግን ኩላሊቱን አይጠይቅም። ኳሷን በእጅ ወደ ታች ጫን አድርጎ እንደ መያዝ ነው፣ ውሃው መሙላቱን አያቆምም። ሮቶ ሲፈስ ጣሪያ ይረጥባል። ደም ከልክ በላይ ሲወፍር ግን ይረጋል፤ የረጋው ደም አንጎል ወይም ልብ ላይ ከሄደ ስትሮክ ወይም የልብ ድካም ነው። ሯጭ ደግሞ ልምምድ ላይ ብዙ ላብ ስለሚያወጣ ደሙ ይበልጥ ይወፍራል።

ሌላም አለ። ይህ መድኃኒት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። በጃኬት ኪስ ይዞ የሚሸጥላችሁ ሰው የያዘው ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ስንት ቀን ፀሐይ እንደመታው ማን ያውቃል?

«አይታወቅም» የሚለውም ውሸት ነው። የኢፒኦ ምርመራ ከ2000ው ሲድኒ ኦሎምፒክ ጀምሮ አለ። አሁን ደግሞ የአትሌቶች የደም ፓስፖርት አለ። የአንድ ሯጭ ደም ለዓመታት እየተለካ ይመዘገባል፣ ከራሱ ታሪክ ጋር ይነጻጸራል። ናሙናው እስከ 10 ዓመት ተቀምጦ እንደገና ሊመረመር ይችላል። በክኒን የሚመጡትም፣ ማለትም ፒኤችዲን አስተኝተው ሂፍን የሚያበሩት ለኩላሊት በሽተኞች የተሠሩ መድኃኒቶች፣ ከተከለከሉት ዝርዝር ውስጥ ናቸው። ተይዞ የሚመጣው እገዳ ብቻ አይደለም፤ በአገራችን በወንጀልም ያስጠይቃል።

ለልጁ የመለስኩለት

ይህን ሁሉ አሳጥሬ ላኩለት። ትንሽ ቆይቶ «እና ታዲያ ለምንድን ነው የሚደክመኝ?» አለኝ።

ትክክለኛው ጥያቄ ይሄ ነበር። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ያነበብኩትን ነገርኩት። ኩላሊት የፈለገውን ያህል ትእዛዝ ቢልክ መቅኔው ጥሬ ዕቃ ከሌለው ደም አይሠራም። ሄሞግሎቢን ያለ ብረት አይመረትም። ብረት ያነሰው ሯጭ እንጦጦን መቶ ጊዜ ቢወጣም ማብሪያው ይበራል፣ አምፖሉ ግን አይበራም። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው ተራ የደም ምርመራ ነው። ጤና ጣቢያ ሄደህ ሄሞግሎቢንህን ተለካ፣ የብረት ክምችትህን መለካት ይቻል እንደሆነ ጠይቅ፣ በደንብ ብላ፣ በደንብ ተኛ አልኩት። ሯጮች ከእንጦጦ ወርደው ለፍጥነት ልምምድ ዝቅ ወዳለው አቃቂ የሚሄዱበትም ምክንያት እንዳለ አስታወስኩት። ከፍታው በየቀኑ መሰቃያ አይደለም፤ ማብሪያው እስኪሠራ ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል።

«እሺ ብሮ፣ ሰኞ እመረመራለሁ» አለኝ። ስሙን አልጽፍም፣ ውጤቱንም አልጠይቀውም፤ የራሱ ጉዳይ ነው።

እናንተ ግን የምትሮጥ እህት፣ ወንድም ወይም ጓደኛ ካላችሁና «ቫይታሚን ነው» የሚል ሰው ከመጣባቸው፣ ይህን ጽሑፍ ላኩላቸው። ጥያቄ ያላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ፣ የማላውቀውን የሚያውቅ ሰው ፈልጌ እጠይቃለሁ።